«ከ» ሁሉ መቀነስ አይደለም

አድማጭ፦ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። «ከአንድ ቁጥር በ8 የሚበልጥ» የሚለውን በአልጀብራ ጻፊ ሲሏት ትቀንሳለች። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ልጅዎ የቀነሰችው «ከ»ን ስላየች ነው፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። «ከ» መነሻውን ያሳያል፣ «በ» ደግሞ መጠኑን። ምን እንደሚሠራ የሚነግረን ግሱ ነው፤ እሱ ደግሞ በአማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሐረጉን እስከ ጫፉ ሳታነብ እርሳስ አታንሳ። ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» ትበለው፤ መነሻው ሀ፣ መጠኑ 8፣ ግሱ «የሚበልጥ»፦ ሀ + 8። «የሚያንስ» ቢል ሀ − 8 ይሆን ነበር።

«8 ከአንድ ቁጥር ሲቀነስ» የሚለውም ያው ሀ − 8 ነው። ቃላቱ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ከጻፈች ግን 8 − ሀ ትላለች። በመደመር ቦታ መለዋወጥ ምንም አይጎዳም፤ በመቀነስና በማካፈል ግን መልሱን ያበላሻል። ሀን 20 አድርጋ ትሞክረው፤ አንዱ 12፣ ሌላው −12 ይሰጣታል።

አድማጭ፦ ቅንፍ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መልስ፦ ሁለቱን አስተያዩ። «የአንድ ቁጥርና የ4 ድምር በ3 ሲባዛ» 3(ሀ + 4) ነው። «አንድ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 4 ሲደመርበት» ግን 3ሀ + 4። ሀ 5 ቢሆን የመጀመሪያው 27፣ ሁለተኛው 19 ይመጣል። «ድምር» ወይም «ልዩነት» የሚል ስም ካለና ሌላ ስሌት ከተከተለው፣ በውስጡ ያሉት ቁጥሮች አንድ ላይ ታስረዋልና በቅንፍ ይግቡ። «ተባዝቶ»፣ «ተደምሮ» ሲል ደግሞ ያ ሥራ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው። «አንድ ቁጥር ላይ 4 ተደምሮ በ3 ሲባዛ» ቢባል፣ መደመሩ ስለቀደመ አሁንም ቅንፍ ይፈልጋል። ቋንቋችን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አጥርቶ መናገሩ ትልቅ እገዛ ነው፤ ልጆች ይህን ቢለምዱት የቃላት ጥያቄ አያስፈራቸውም።

አድማጭ፦ መምህር ነኝ። «የተማሪዎቹ ብዛት የመምህራኑ 40 እጥፍ ነው» ስል፣ 40ተ = መ ብለው ይጽፋሉ።

መልስ፦ «ተ»ን ተማሪ፣ «መ»ን መምህር ብለው ስለሚያነቡት ነው። ፊደሉ የሚወክለው ሰዎቹን ሳይሆን ብዛታቸውን ነው። 2 መምህራን ካሉ ተማሪዎቹ 80 ናቸው። እነሱ በጻፉት መሠረት 40 × 80 = 2 ሊሆን ነው፤ ስሕተቱን ራሳቸው ያዩታል። ትክክሉ ተ = 40መ ነው። ለጥቂት ሳምንታት የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ትተው ሀ እና ለን ያስጠቅሟቸው፤ ከላይም «ሀ = የመምህራኑ ብዛት» ብለው በሙሉ ቃል ይጻፉ።