ፍሬን አልለቅ ሲል፦ ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት

[ጠዋት፣ ሱሉልታ፣ ጋራዡ ደጃፍ። ካሜራው ወደ አንዲት ቪትዝ የፊት ቀኝ ጎማ ይጠጋል።]

ጤና ይስጥልኝ። ይህች መኪና ዛሬ የመጣችው “ትሸታለች” ተብላ ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚያቆመው ክፍል፣ ይሸታል፣ ቀኝ ቸርኬዋ ጥቁር ዱቄት ለብሷል፣ መሪውን ላላ ሲያደርጉት ወደ ቀኝ ትስባለች። ባለቤቷ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሸራ አስቀይረዋል፤ አሁንም ሦስተኛውን ገዝተው ይዘው መጥተዋል። እኔ ግን ከካርቶኑ አላወጣሁትም። ሸራው ተቃጠለ እንጂ አላቃጠለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ከዚህ ተነስቶ እንጦጦ ኬላን አልፎ ፍሬን እየረገጠ አዲሱ ገበያ የወረደ ማንኛውም መኪና ይሸታል። ያ የቁልቁለቱ ነው፤ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘው ቢወርድ ይቀራል። የታመመ ፍሬን ግን ሜዳ ላይም ይግላል። ስለዚህ ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳ መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳታበዙ ንዱና ቁሙ። የመዳፋችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ አትንኩት። ግራና ቀኙን አወዳድሩ። አንዱ እንደ ምድጃ ከተነፈሰባችሁ እሱ ነው። ውሃ ግን እንዳትደፉበት፤ የጋለ ዲስክ ይሰነጠቃል።

[መኪናዋ በክሪክ ተነስታለች፤ የኋላ ጎማዎቿ ታኮ ገብቶላቸዋል፣ ከስር የብረት ድጋፍ ቆሟል።]

በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር እጃችሁን አታስገቡ። አሁን ጎማውን ላዙረው… አይዞርም። ይህቺን ሰዓት አታባክኗት። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ይለቅና ምንም ያልነበረ ይመስላል፤ መመርመር ያለበት እንደያዘ ነው።

ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል፣ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በቱቦ ወደ ጠርሙስ አገናኝቼ በትንሹ ላላ አደርጋታለሁ። መነጽር አድርጉ፤ ዘይቱ ትኩስ ነው፣ ቀለምም ይልጣል። አያችሁ? ፊጭ አለ። አሁን ጎማውን ላዙር… ዞረ።

ይህች አንዲት ደቂቃ ሁለት ሸራ ካስቀየረ ዓመት ትበልጣለች። ጎማው የተያዘው ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ ካሊፐሩ ውስጥ ታስሮ በቀረ ግፊት ነው ማለት ነው። ቡሎኗን ከፍተን ጎማው ባይለቅ ኖሮ ጥፋተኛው ብረቱ፣ ማለትም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ነበሩ።

ግፊቱን ማን አሰረው? ማስተሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል፣ ቢሆን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎማ በላይ ይይዛል። እዚህ የያዘው አንድ ስለሆነ የጠረጠርኩት ሆዙን፣ ማለትም ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰውን የላስቲክ ቱቦ ነው። ላረጋግጥ። ቡሎኗን ዘግቼ፣ ፔዳሉን አስረግጬ፣ ጎማው እንደገና ሲይዝ ሆዙ ከቀጭኑ የብረት ቧንቧ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ላላ አደረግኩ። ጎማው አልለቀቀም። ስለዚህ ግፊቱ የታሰረው ከዚያ ወዲህ፣ ሆዙ ውስጥ ነው። ለቅቆ ቢሆን ወደ ማስተሩ እንሄድ ነበር።

[የተቆረጠው ሆዝ በቅርብ ይታያል።]

ከውጭ ደህና ነው። ውስጡን እዩት፦ አብጦ ቀዳዳው ጠቧል። እግራችሁ ሲረግጥ ዘይቱን በጉልበት ያሳልፈዋል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው ጉልበት የለም። የካሊፐር ፒስተን የሚመልሰው ሞላ የለውም። የሚመልሰው በዙሪያው ያለች ጎሚኒ፣ ማለትም ውፍረቷ አራት ማዕዘን የሆነ የላስቲክ ቀለበት ናት፤ ፍሬን ሲያዝ ትጠመዘዛለች፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ትስበዋለች። ይህን ያህል ትንሽ ጉልበት የጠበበ ሆዝን አያሸንፍም።

ይህንን የምናገረው ስለተማርኩበት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ አባት ተመሳሳይ ችግር ይዘው መጡ፤ ሳልመረምር ካሊፐር አስገዛኋቸው። በሦስተኛው ቀን “ልጄ፣ ያው ነው” ብለው ተመለሱ። ሆዝ ነበር። ገንዘባቸውን መልሼላቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሆዝ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ርዝመቱና ጥርሱ ይመሳከር። ያገለገለ ሆዝ አትግዙ። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ፣ የመዳብ ሮንዴላውም አዲስ ይሁን። ካሊፐሩን ስትፈቱ በሽቦ ስቀሉት እንጂ በሆዙ አይንጠልጠል።

ጥፋቱ ብረቱ ላይ ከሆነስ? በእኛ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ፒኑ ነው። የክረምቱ ጭቃ በተቀደደ ላስቲክ ይገባል፣ በጋ ላይ ይደርቃል፣ ፒኑም ዝጎ አይንሸራተትም። ምልክቱ አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው ወፍራም መሆኑ ነው። አጽዱት፣ ላስቲኩን ቀይሩ፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡት። የኩሽኔታ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፤ ወር ሳይሞላ እንደገና ይይዛል። ፒስተኑ ከዛገና ከተቦረቦረ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ ይቀየር።

አራቱም ጎማ አንድ ላይ ከያዘ የፔዳሉን ትርፍ እንቅስቃሴ እዩ። ከዚያ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክፈቱ። ይህኛው ያሳስበኛል፤ ሰው ባለማወቅ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ሲጨምር አይቻለሁ። ጎሚኒዎቹ በሙሉ ያብጣሉ። ጥቂት ጠብታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፦ የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፣ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ መኪናው አይነዳ፤ ጎሚኒና ሆዝ ሁሉ ወጥቶ መቀየር አለበት።

የኋላ ታምቡር፣ ማለትም በዲስክ ፈንታ ከበሮ መሰል የሆነው ፍሬን፣ ሲይዝ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ገመዱን ፈትሹ።

ዘይቱንም አብራችሁ ቀይሩ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ይህ ዝቅተኛ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ይህ ደግሞ በባሕር ጠለል ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ እንኳ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በጋለ ፍሬን አሮጌ ዘይት ይዞ የእንጦጦን ቁልቁለት የወረደ ሰው ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ወለል ሊነካበት ይችላል።

[ጎማው ታስሯል።]

አየሩ ወጥቷል። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። አሁን ወደዚያው ሜዳ መንገድ፣ ያው አሥር ደቂቃ… ግራው ለብ ያለ፣ ቀኙም ለብ ያለ። ሦስተኛውን ሸራ ለባለቤቱ ከነካርቶኑ መለስኩላቸው፤ ያለው ገና ግማሹ አላለቀም፣ አልተሰነጠቀምም።