«ሊንኩ አፕ ነው» አሉን፦ ኮምቦልቻ ላይ ለኔትወርክ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ስለ ሙያው ምክር ስጥ ተብዬ ነው የመጣሁት። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የማወራው። ባህር ላይ ያለ ሰው መልእክት በየት በኩል እንደሚያልፍ። ከኮምቦልቻ ሆኖ ሲያስቡት ባህር ሩቅ ነው። ደረቅ ወደባችን ላይ የተደረደረውን ኮንቴይነር ግን ባህር ያሻገሩት ሰዎች ናቸው። እኔም ከሐይቅ ከተማ ወጥቼ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ የመርከብ ኤሌክትሪሽያን።

መርከባችን ሁለት የሳተላይት መስመር ነበራት። ዋናው ቪሳት የሚባለው፣ በሳህን አንቴና የሚሠራው ሰፊ መስመር ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ልካችሁ መልሱ እስኪመጣ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው ኤል ባንድ የሚባለው፣ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው መስመር ነው። ጠባብና ውድ ነው፤ ዝናብ ግን ብዙም አይበግረውም።

በሰሜን ባህር ወደ ኖርዌይ እየሄድን ነበር። ወደ ሰሜን በገፋን ቁጥር የቪሳቱ ሳተላይት በስተኋላችን ዝቅ አለ። የመርከቧ ጭስ ማውጫም ያለው ከኋላ ነው። አንቴናውን ጋረደው። ኢንተርኔት ጠፋ።

ራውተሩ፣ መልእክት በየትኛው መስመር ይሂድ የሚለውን የሚወስነው መሣሪያ፣ ይህን አላወቀም። እስከ ሞደሙ ያለው ገመድ ደህና ስለነበር መንገዱ ክፍት መሰለው። መንገዱ ደግሞ በእጅ የተጻፈ፣ ስታቲክ (በራሱ የማይቀየር) ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መልእክታችንን ወደ ጭስ ማውጫው ሲወረውር ከረመ። የኤል ባንዱ አንቴና ሌላ ቦታ ስለተተከለ አልተጋረደም። አጠገባችን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል!

በካፒቴኑ ስልክ ወደ ቢሮ ደወልን። «የፖርቱ መብራት አረንጓዴ ነው?» አሉኝ፤ ገመዱ የሚሰካበትን ማለታቸው ነው። አዎ አልኩ። «እንግዲያው ሊንኩ አፕ ነው፤ ጠብቁ» አሉን፤ መስመሩ ይሠራል ማለታቸው ነው። መንገዱን እኔ ልቀይረው፣ ፓስዎርዱን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። አልሰጡኝም።

በእነዚያ ሁለት ቀናት አባቴ ሞተ።

ቅሬው፣ እድራችን፣ ወጣ፤ በዕለቱ ተቀበረ። እኔ መርዶ አልደረሰኝም። መርከቧ ወደ ወደብ ስትታጠፍ አንቴናው ሰማይ አየ፤ ስልኬ ላይ መልእክት እንደ በረዶ ወረደ። የመጀመሪያው የወንድሜ ነው፤ «አባባ ደክሟል፣ ደውል» ይላል። የመጨረሻው የእናቴ ድምፅ ነው። «ልጄ፣ ሰምተህ እንዴት ዝም ትለኛለህ?»

አባቴን አላድነውም ነበር። ቀብሩም ላይ አልደርስም። «አብሽሪ እማዬ» ማለት ግን እችል ነበር። ለዚህች ቃል የሚበቃ መስመር መርከቧ ላይ ነበረ! አረንጓዴ መብራት ለማን ምን ያደርጋል? መልእክት ካላደረሰ ሊንኩ አፕ አይደለም። በአረንጓዴ መብራት ብቻ «ሊንኩ አፕ ነው» የሚላችሁን አለቃ አትቀበሉት።

የሐረጎን ተራራ መንገድ የሚወርድ ሹፌር ከታች ለሚመጣው መብራት ያበራለታል። መንገዱ ከተዘጋ ይነግረዋል። ዳይናሚክ ራውቲንግም፣ ራውተሮች እየተነጋገሩ መንገድ የሚመርጡበት፣ እንደዚያ ነው። ይህን የሚያደርጉበትን አንዱን ደንብ፣ ኦኤስፒኤፍን፣ ተምራችሁታል። ራውተሮቹ በተለመደው አቀማመጥ በየ10 ሰከንዱ «ሄሎ» ይባባላሉ። 40 ሰከንድ ዝምታ ከሆነ ጎረቤቱን ሰርዘው ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ያ ሰላምታ ሳተላይቱን ተሻግሮ የብስ ካለው ራውተር ጋር ቢሆን ኖሮ፣ የእኛ ሁለት ቀን አንድ ደቂቃ ባልሞላ ነበር።

ባህር ላይ ግን ጥንቃቄ አለው። መርከብ ሲናወጥ መስመሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ዋናው መስመር ስለተመለሰ ብቻ ወዲያው አትመለሱ፤ እስኪረጋ ጠብቁ። ደግሞ ብዙ መሣሪያ ላይ ኦኤስፒኤፍ መንገድ የሚመርጥበት ቁጥር («ወጪ» ይሉታል) የሚሰላው ከመስመሩ ስፋት ነው። ዋጋውንም መዘግየቱንም አያይም። ጠባቡ መስመር ላይ ማን ይቅደም የሚለውን እናንተ ጻፉ። የደኅንነት ጥሪ ይቅደም፣ ቀጥሎ የሰው አጭር መልእክት። ቪዲዮ ይቆይ።

አሁን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች መጥተዋል፤ መዘግየቱ በጣም ቀንሷል። እነሱንም ግን ምሰሶ ይጋርዳቸዋል። የባህር ሠራተኞች ስምምነትም ከ2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በተቻለ መጠን ለሠራተኛው ኢንተርኔት ይቅረብ ይላል።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሥራ ተረከቡ ትባላላችሁ። ገመድ ነቅላችሁ ብቻ አትፈትሹ። ገመዱን እንደተሰካ ተዉትና አንቴናውን ጋርዱት። ከዚያ ከሠራተኞቹ መኝታ ክፍል ወደ ቤታችሁ መልእክት ላኩ። ካልደረሰ አትፈርሙ።

አመሰግናለሁ።