የእናታችሁን ፊት ከመነቀሳችሁ በፊት

[ስክሪን ላይ፦ ጥጉ ላይ ክብ ማህተም ያረፈበት የድሮ ጉርድ ፎቶ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የእናቱን ወይም የአባቱን ፊት መነቀስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎበዝ ታቱ ሠሪ ታውቃለህ?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ፎቶውን አሳዩኝ እላለሁ። ታቱ ሠሪው እናታችሁን አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው የሰጣችሁትን ፎቶ ነው።

ችግሩ ደግሞ የብዙ እናቶች ፎቶ ያው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ መሆኑ ነው። ፍላሹ ፊት ለፊት በርቶባቸዋል፣ ማህተሙ ትከሻቸውን በልቶታል፣ ኮስተርም ብለዋል። ለመታወቂያ ማን ይስቃል? ታቱ ፊትን የሚሠራው በጥላ ነው። አፍንጫው ከፍ ብሎ የሚታየው ጎኑ ላይ ጥላ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ከመስኮት ወይም ከበር በኩል በአንድ ጎን ብርሃን የገባበት ፎቶ ፈልጉ። የሰርግ አልበም፣ የምርቃት አልበም፣ ውጭ ያለች አክስት ጋ የተላከ ፎቶ፣ ሁሉንም አገላብጡ። ስታገኙት ስካን አስደርጉት። በቴሌግራም ስትልኩትም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

[ስክሪን ላይ፦ የቆዳ ንብርብሮች ሥዕል]

አሁን ወደ ቆዳችን። ቀለሙ የሚቀመጠው ከላይኛው ቆዳ ሥር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው። ቆዳችንን ጠየም ወይም ጠቆር የሚያደርገው ሜላኒን ደግሞ ከሱ በላይ ነው። ታቱውን የምናየው በሜላኒኑ አሻግረን ነው ማለት ነው። ነጭ ቀለም ቢጨመርበትም ሲድን ይደበዝዛል። ስለዚህ በእኛ ቆዳ ላይ ፈካ ብለው የሚታዩት ቦታዎች፣ የጉንጩ አናት፣ ግንባሩ፣ የዓይኑ ብልጭታ ሁሉ ሳይነካ የቀረ የራሳችን ቆዳ ነው። መርፌውን የት እንደማያሳርፍ የሚያውቅ ሠሪ ፈልጉ። ኢንስታግራሙ ላይ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የሠራው ፊት ከሌለ እለፉት። ካለም ከዳነ በኋላ የተነሳ ፎቶ ይኑረው። ገና አሁን ያለቀ ታቱ ሁሉ ያምራል።

መጠኑ ከመዳፍ አይነስ። መስመሮቹ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያሉ ይሰፋሉ፤ ትንሽ ፊት ላይ ቅንድብና ዓይን ይቀላቀላሉ። ቦታው የክንድ ውጫዊ ጎን፣ ባት ወይም ጀርባ ቢሆን ይሻላል። ክርንና እጅ ይቅር።

አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናት ከሆኑስ? ፎቶው ሲያንስ እነዚያ ክብ ክብ መስመሮች አንድ ጥቁር ቀበቶ ይሆናሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፊቱን ትቼ የአንገታቸውን ንቅሳት ብቻ፣ እንዳለ፣ ክንዴ ላይ አደርገዋለሁ። የሚያውቃቸው ሰው ያውቀዋል።

የክትባት ጠባሳችሁ ወይም ጆሮ የተበሳችሁበት ቦታ አብጦ የቀረ ከሆነ ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ሊሆን ይችላል። ታቱም እንደዚያው ሊያብጥ ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ሳታማክሩ ቀብድ አትክፈሉ።

ሐዘን ላይ ላላችሁ፣ ቢያንስ አርባው ይውጣ። በለቅሶ ሰሞን የተመረጠ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሕመማቸው ጊዜ ፎቶ ነው። ቤት ውስጥ ንቅሳትን የሚከለክለው ዘሌዋውያን 19፥28 መጠቀሱም አይቀርም። አንዳንዴ የሚጠቅሱት ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱት አያት ራሳቸው ናቸው።

[ስክሪን ላይ፦ ክንድ ላይ የተለጠፈ ስቴንስል]

በቀኑ በልታችሁ ሂዱ፤ ከዋዜማው ጀምሮ መጠጥ ይቅርባችሁ። መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። ሠሪው መጀመሪያ ስቴንስል ይለጥፋል፤ መርፌው የሚከተለው፣ ቆዳ ላይ የሚታተም የመስመር ንድፍ ነው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ለእህታችሁ ወይም ለወንድማችሁ ቪዲዮ ደውሉና አሳዩ። የአፍ ጥግ በአንድ ሚሊ ሜትር ከወረደ ሌላ ሴትዮ ይሆናሉ፤ ያንን ደግሞ ቶሎ የሚያየው አብሯችሁ ያደገ ሰው ነው። ስቴንስል ተጠርጎ እንደገና ይለጠፋል፣ አትፈሩ፣ አስነሱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ቅርፊቱን አለመላጥ፣ እስኪድን ዋና አለመግባት፣ ከፀሐይ መከለል። ላዩ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ቀለም የለቀቀ ቦታ ካለ ይሞላላችኋል። ብዙ ሠሪዎች ለዚህ አያስከፍሉም፤ ግን ቀብዱን ስትከፍሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።