ጣራዋ የሚከፈት የድሮ መኪና ልትገዙ ነው? ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት

(ምስል፦ ደሴ፣ ማለዳ። ጣራዋ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ጥቁር መርሴዲስ።)

ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ «ሞተሯ አልተነካም፣ በአንድ እጅ የተያዘች ናት» ማለት ሲጀምር አመስግናችሁ ኮፈኑን ዝጉለት። ጣራዋ የሚከፈት የድሮ የቅንጦት መኪና ስትገዙ መጀመሪያ የሚታየው ሞተር አይደለም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የሚያወርድ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚቀይር፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የሚፈታ ሰው አለ። የጣራዋን የዘይት መስመር ፈትቶ የሚመልስ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሞተር እዚሁ ይሠራል። ጣራ ግን ከነጤናው ካልተገዛ፣ ወይ ተከፍቶ ይቀራል፣ ወይ ተዘግቶ ይቀራል። ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ መኪናዋን ለምን ገዛናት?

አንድ ነገር እናስቀድም። ይህ ቪዲዮ ግቢው ውስጥ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ላለው ሰው ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ሌሊት ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና ከሌላችሁ ለመዝናኛ እዩት፤ ለግዢ ግን አትጠቀሙበት።

ገበያውም ጠባብ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ የምትመርጡት ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው። የምታገኙትም ባብዛኛው መርሴዲስ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2001 የተሠራችው ኤስኤል፣ ትንሿ ኤስኤልኬ፣ ወይም ሲኤልኬ። አልፎ አልፎ ቢኤምደብሊው ትመጣለች።

(ምስል፦ የኋላ ሻንጣ ተከፍቶ፣ የጣራው ፖምፓ በቅርብ።)

ጣራው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ብዙዎቹ የመርሴዲስ ጣራዎች በዘይት ግፊት ይንቀሳቀሳሉ። ከኋላ በኩል አንዲት የኤሌትሪክ ፖምፓ አለች። ዘይቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ትገፋለች፤ ቱቦዎቹ ትንንሽ ሲሊንደሮችን ይዘረጋሉ፤ ሲሊንደሮቹ ጣራውን ያነሳሉ፣ ያጥፋሉ፣ ክዳኑን ይከፍታሉ። በየደረጃው ደግሞ «እኔ ጨርሻለሁ» ብለው ለኮምፒዩተሩ የሚናገሩ ማብሪያዎች አሉ። አንዷ ዝም ካለች ሁሉም ይቆማል። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ጣራ ስታዩ «ፖምፓው ተቃጥሏል» ለማለት አትቸኩሉ፤ ጥፋቱ የአንዲት ማብሪያ ሊሆን ይችላል። ደላላው ግን ሦስተኛ መልስ አለው፦ «አብሽሩ፣ ባትሪው ደክሞ ነው እንጂ ትሠራለች።» መልካም፤ የሚሠራ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ይገጠም፣ ጣራው ይከፈት፣ ይዘጋ፣ እንደገና ይከፈት። ሰበብ ከበዛ ወደ ቤት።

በእርጅና መጀመሪያ የሚሞቱት ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች (ዘይቱን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች) ናቸው። ይደርቃሉ፣ ከዚያ ዘይት ያንጠባጥባሉ። ኤስኤልና ሲኤልኬ ላይ ጣራውን ከፊት መስታወቱ ጋር የሚቆልፈው ሲሊንደር ከሹፌሩ ራስ በላይ ነው። ጣታችሁን በመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ አሹት። ቅባት ከነካችሁ፣ አንድ ቀን ያ ዘይት ነጭ ሸሚዛችሁ ላይ ይወርዳል። ሰርግ አጃቢ ሆናችሁ ስትሄዱ መሆኑ አይቀርም።

ጣራው ሸራ ከሆነ፣ የኋላ መስኮቱም ፕላስቲክ ከሆነ፣ ቢጫ ሆኖ ከደረቀ፣ ብርድ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የደሴ ማለዳ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለደሴ ኤስኤልኬን እመርጣለሁ፤ ጣራዋ ብረት ነው፣ በረዶ ሲወርድ ሸራ አይቀደድም። ነገር ግን ጣራው ሲታጠፍ ሻንጣውን ይውጠዋል፤ ዝገትም ትወዳለች፤ ከጎማዎቹ በላይ ፓራፋንጎውን (ጎማውን የሚሸፍነውን ብረት) ከውስጥ ዳብሱት።

አሁን ውሃ። ወሎ በልግም ክረምትም ያለው አገር ነው። ጣራው የሚታጠፍበት ጉድጓድ ጥጎቹ ላይ የውሃ ማውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። መኪናዋ ባሕር ዛፍ ሥር ከቆመች ቅጠሉና አቧራው ይደፍናቸዋል፤ ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ ምንጣፉ ሥር ሽቦ አለ፤ አንዳንዶቹ ላይ የኮምፒዩተር ሳጥኖች ጭምር ተቀብረዋል። ዝናብ ባይኖርም መሞከር ይቻላል። አንድ ጆግ ውሃ በቀዳዳዎቹ በኩል በቀስታ አፍስሱና መኪናዋ ሥር ጎንበስ በሉ፤ ውሃው መሬት ላይ መታየት አለበት። ካልታየ የት ገባ? ከወንበሮቹ ኋላ ምንጣፉን በመዳፋችሁ ጫን አድርጉ፣ ከዚያ መዳፋችሁን አሽትቱ። ሻጋታ ሽቶ ተረጭቶበትም ይታወቃል።

(ምስል፦ ሐረጎ ቁልቁለት።)

ወደ መንዳቱ እንሂድ። ለዚህ የወሎን ያህል ደግ መሞከሪያ የለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሐሉ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሻጩን ጎን አስቀምጡና በሐረጎ ውረዱ። በዝቅተኛ ማርሽ ሆናችሁ ፍሬን ስትይዙ መሪው እጃችሁ ላይ ከተንቀጠቀጠ ዲስኮቹ ተጣመዋል። ፔዳሉ እየላላ ከሄደ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ጠጥቷል፤ ሲግል ይፈላል። ቆማ የከረመች መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነበረበት።

ጉድጓድ ስታልፉ የውስጡን መስታወት ተመልከቱ። ጣራ ለመኪና አካል እንደ ቤት ማገር ነው፤ ሲነሳ ከታች በብረት ይተካል፤ ያም ሆኖ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይቀራል። መስታወቱ ሲርገበገብ ችግር የለም። በሩ ክፈፉ ውስጥ ከተንጋጋ ወይም በበሩና በፓራፋንጎው መሐል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ከሆነ ግን ተጋጭታለች ወይም ወለሏን ዝገት በልቶታል። ዋጋ አትከራከሩ፤ ተሰናበቱ።

ኮምቦልቻ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ሽቅብ ተመለሱ። የሙቀት ጌጁን ከዓይናችሁ አታርቁ። ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መኪናዋ የምትድነው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ካረጀ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ገዝታችሁ ቀይሩት። ኢ46 የተባለው የቢኤምደብሊው ሞዴል የውሃ ማጠራቀሚያ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ በእርጅና ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 አካባቢ የተሠራ መርሴዲስ ከሆነ አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። የዚያ ዘመን የሞተር ሽቦ ሽፋን እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። አንዱን ሽቦ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አጥፉት፤ ከተፈረፈረ ሙሉ ሽቦው መቀየር አለበት።

ጉልበት ስታጡ አትገረሙ፤ በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቪ8 የሚባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እዚህ ሽቅብ ላይ እንደ ማንኛውም መኪና ነው።

ጎማ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2318 ካለ እ.ኤ.አ. በ2018 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ለሐረጎ አይሆንም።

ወረቀት ላይ፣ የሊብሬውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ራሳችሁ አስተያዩ። ከሁሉ በላይ ቀረጥ የተከፈለባት መሆኗን አረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች፣ ቀረጧ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ ጣጣው ለእናንተ ነው የሚተርፈው።

(ምስል፦ ላቫጆ።)

ከገዛችሁ በኋላ። የላቫጆ ልጆች የግፊት ውሃውን ሸራው ስፌት ላይ እንዳያነጣጥሩ ቆማችሁ ጠብቁ። ለስላሳ ብሩሽና ውሃ ይበቃል። ሸራውን እርጥብ እያለ አትጠፉት፤ ይሻግታል። በየሳምንቱ አስነስታችሁ ሞተሩ እስኪሞቅ ንዱ፣ ጣራውንም አንድ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፤ ጎሚኒ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይደርቃል። ነዳጅ ሲጠፋ ይቺ መኪና ቤት ትዋል፤ ሰልፉ ለቪትዟ ነው።

ጣራ የሚከፈትበት ወቅት መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ገና ሳይነሳ። መንገዱ ወደ ሐይቅ፣ ማለዳ። ወደ ባቲ ግን፣ በተለይ ከባድ መኪኖቹ ወደ ጂቡቲ ሲመላለሱ፣ ጣራ ከፍቶ መከተል ጭስ መጠጣት ነው። ዝጉት። ኮፍያም ያዙ፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ነፋሱ ውስጥ ሆና አትሰማም፣ ማታ ግን ግንባራችሁ ይናገራል።

ዕቃ ስታዝዙ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከዱባይ በሚመጣ ሰው፣ የመኪናዋን ስምና ዓመት ብቻ አትንገሩ። በአንድ ዓመት የተሠሩ ኤስኤልኬዎች ውስጥ እንኳ ዕቃው ይለያያል። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ላኩ፤ የአሮጌውን ዕቃ ቁጥርም ከላዩ ላይ አንብባችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ የሚታዘዘውም የጣራው የሲሊንደር ጎሚኒ ይሁን፣ ገና ሳያንጠባጥብ።