ዲቴክተር አያይም

እንደምን አደራችሁ? አካም ጂርቱ! ወርቅ ፍለጋ ለመሄድ የተደራጃችሁ ወጣቶች፣ ጅማ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከበር ጀምሮ የጠየቃችሁኝ «ስንት ሜትር ድረስ ያያል?» ብላችሁ ነው። ዲቴክተር፣ ያ ከመሬት ሥር ብረትና ወርቅ የሚፈልገው መሣሪያ፣ አያይም። ይጮሃል እንጂ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ጩኸቱ ነው።

እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ ከእንግዳ ጋር እየተጫወቱ ነው። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ግን፣ ምጣዱን ሳያዩ እጃቸው ይፈጥናል። እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለ ጆሮ ነው።

ነገሩ ድሮም በጆሮ ነበር። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የስልኩ ግርሃም ቤል ጥይቱን የሚፈልግ መሣሪያ ይዞ መጣ። በስልክ መስሚያ ነበር የሚያዳምጠው። አልሆነለትም። ፍራሹ ውስጥ የነበረው የብረት ሽቦ ድምፁን አበላሸበት። የእኛም ጣጣ ያው ነው፤ ሚስማርና ቆርቆሮ።

ኮይሉ፣ ማለትም የመሣሪያው ጥቅልል ሽቦ፣ መሬት ውስጥ መግነጢሳዊ ኃይል ይልካል። ከሥር ብረት፣ መዳብ ወይም ወርቅ ካለ ምላሽ ይመጣል። ምላሹ እንደ ማዕድኑ ዓይነት ይለያያል፤ መሣሪያው ያንን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። በአንድ ድምፅ ካደረጋችሁት ሁሉም ያው «ቢፕ» ነው። በሁለት ድምፅ ብረት ለብቻው ወፍራም ይሆናል። በብዙ ድምፅ ደግሞ ብር እና መዳብ ቀጥነው ይጮሃሉ፣ ሌላው በየመሃሉ ይደረደራል። ቆሻሻ በበዛበት ቦታ ይኼኛው ጆሮ ያደክማል።

እኔ ስጀምር ሦስት ቀን ሙሉ ቀጭን ድምፅ ብቻ እየተከተልኩ ቆፈርኩ። ያገኘሁት? የቢራ ቆርኪና የዛገ ቆርቆሮ። ጠፍጣፋ ብረት እንዲህ ይሸውዳል። ትንሽ ወርቅ ደግሞ ቀጥኖ አይጮህም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የብረት ጎረቤት ነው። «ሚስማር ሰለቸኝ» ብላችሁ ዝቅተኛውን ድምፅ ስትዘጉ ወርቁንም አብራችሁ ትዘጉታላችሁ።

ለዚህ ነው ለወርቅ ሁሉንም የሚያሰማውን ሞድ የምመርጠው። እዚያ ላይ ትሬሾልድ የሚሉት፣ የማያቋርጥ ስስ ድምፅ አለ። እንደ ሌሊት ትንኝ ነው። ጠልቃ ያለች ትንሽ የወርቅ ፍሬ «ቢፕ» አትልም። ትንኟ ለአፍታ ከፍ ትላለች፣ ወይም ትቋረጣለች። በቃ፣ ይኼው ነው ምልክቱ። ድምፁን ለጥቂት የሚሰማ አድርጉት፤ ከጎላ ለውጡን ይውጠዋል። ሄድፎን ከሌላችሁ ደግሞ ንፋሱ ይወስደዋል።

እንደ ጅማ ያለ ቀይ አፈር ብረት ስላለው ትንኟን ራሷን ያስጮሃታል። አስቀድማችሁ ኮይሉን ሚስማርና ቆርቆሮ በሌለበት መሬት ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ፣ ድምፁ እስኪረጋ አስተካክሉት። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ አፈር ሲቆፍር ይውላል።

በነገራችን ላይ፣ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ይዛችሁ እንዳትዞሩ። ቅርስ ያለ ፈቃድ መቆፈር በሕግ ክልክል ነው። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካገኛችሁም ሳትነኩ ፖሊስ ጥሩ።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። አምስት ነገር ቀብሬያለሁ፤ ሁለቱ ሚስማር ናቸው። ስክሪኑን በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ሄድፎኑን መጀመሪያ ማን ይያዝ?