ስርዝ ድልዝ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሚሰማችሁ ዝናቡ ነው፤ ቆርቆሮው ሊያስቀዳኝ አልቻለም።

ያለፈው ሳምንት ጉዴን ላውራችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስርዝ ድልዝ አልወድም። ደብተሬ ላይ አንድ ቃል ከተሳሳትኩ ገጹን ቀድጄ እንደ አዲስ የምገለብጥ ልጅ ነበርኩ። ኮድ ስጽፍም ያው ነኝ። ሥራ ጨርሼ የኮድን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው ፕሮግራም፣ በጊት ላይ ኮሚቶቼን፣ ማለትም በየደረጃው ከነአጭር መልእክታቸው ያስመዘገብኳቸውን ሥራዎች ሳይ አፍራለሁ። «ሙከራ»፣ «ሙከራ 2»፣ «አሁንስ?»፣ «ኧረ በናትህ»። 11 ኮሚት! ሪቤዝ አድርጌ፣ ማለትም ታሪኩን እንደ አዲስ ጽፌ፣ 3 አደረግኳቸው። ተሳስቶ የማያውቅ ሰው የጻፈው መሰለ።

ፑሽ ሳደርግ፣ ማለትም ሥራዬን ወደ ጋራው ሰርቨር ስልክ፣ ሰርቨሩ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ማንበብ ነበረብኝ። እኔ ግን ፎርስ አደረግኩት፤ በግድ ጫንኩት።

ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ደወለ። «ስማ፣ የማታው ሥራዬ የት ገባ?» ክው አልኩ። ብራንቹን፣ ያን የምሠራበትን የኮድ ቅርንጫፍ፣ የራሴ ብቻ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ለካ እሱ ማታ ሁለት ኮሚት ጨምሮበታል። ጭራሽ ጠዋት ከሰርቨሩ ጋር ላስተካክል ብሎ ሪሴት አድርጎ የራሱን ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ባለው ተክቶታል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ጊት ላይ ኮሚት አይታረምም። የአንዱ ኮሚት መለያ፣ ያ 40 ፊደልና ቁጥር፣ ከይዘቱ ተሰልቶ ይወጣል። ይዘቱ ውስጥ ደግሞ የወላጁ፣ ማለትም ከሱ በፊት ያለው ኮሚት፣ መለያ አለ። ስለዚህ አንዱን ከነካችሁ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይቀየራሉ። እኔም ያረምኩት ነገር የለም። ሌላ ታሪክ ጽፌ የብራንቹን ስም ወደዚያ አዞርኩት። አሮጌው እዚያው ተቀምጧል፣ የሚጠራው ብቻ አጣ።

ያዳነን ይኸው ነው። የሱ ላፕቶፕ ላይ ሪፍሎግ የሚባለውን የጊት መዝገብ ከፈትን። ብራንቹ የረገጠው ቦታ ሁሉ እዚያ ተመዝግቧል፤ ሴቲንጉን ካልቀየሩት እንዲህ ተቆርጦ የቀረውንም 30 ቀን ያቆየዋል። ሁለቱን ኮሚቶች በአምስት ደቂቃ መለስናቸው።

አሁን በፎርስ ፈንታ ፎርስ ዊዝ ሊዝ የሚባለውን ነው የምጠቀመው። ሰርቨሩ ላይ ያላየሁት ነገር ካለ ይከለክለኛል። ኤዲተራችሁ ከጀርባ ፌች የሚያደርግ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ያለውን አዲስ ነገር ራሱ የሚያመጣ ከሆነ ግን ብዙም አትመኑት፤ ሳታዩት እንዳያችሁ ይቆጥረዋል።

የተመለሱትን ኮሚቶች ሳይ የአንዱ መልእክት «እንቅልፌ መጣ፣ ነገ አየዋለሁ» ይላል። «ላስተካክልልህ?» አልኩት።

«አንተ እጅህን ሰብስብ» አለኝ።