ከመጨረሻው ስፌት በኋላ
(ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት እየተመላለሰ እንቅርት በሚያክመው ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅ ከተማ ሌሊቱን ስትነዱ አድራችሁ የደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን አዳራሽ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስታሰናዱ ያመሻችሁ ወጣቶች፦ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በልማዳችን ይህ ንግግር የሚጀመረው በቁጥር ነው። ስንት ሰው መረመርን፣ ስንት ቀዶ ሕክምና ሠራን፣ ስንት ሻንጣ መድኃኒት ይዘን ሄድን። ቁጥሩ በጸሐፊያችን ሪፖርት ውስጥ አለ፤ ከምሳ በኋላ ትሰሙታላችሁ። እኔ ግን በሪፖርቱ ላይ እንደማንኛውም ታካሚ አንድ፣ አንድ ተብለው የተቆጠሩ የሁለት ሴቶችን ነገር ልነግራችሁ ፈልጌ ነው የቆምኩት። ስማቸውንና ቀዬአቸውን አልጠራም፤ የሕሙማን ምስጢር ነው።

ሥራችን እንደምታውቁት ከእንቅርት ጋር ነው። ደጋ አገር ያደገ ሰው ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ገበያ የምትወጣ እናት አይቶ ያውቃል፤ የጠመጠመችው ብርድ ፈርታ አይደለም። በተራራው አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ዘመን ሙሉ ሲያጥበው አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል፣ እህሉም ያንኑ ያጣል። አዮዲን ሲያንስ ደግሞ አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚባለው፣ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አዮዲኑ በጨው በኩል መመለስ አለበት። ቀድሞ ጨዋችን በብዛት ከአሰብ፣ አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ያ ቀረ፣ ገበያውንም አፋር ውስጥ ካለው ከአፍዴራ የሚወጣው አዮዲን የሌለው ጨው ሞላው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ መሐል ያደጉት ልጃገረዶች ዛሬ እናቶች ናቸው። ለዓመታት ያበጠና ቋጠሮ ያበጀ እንቅርት ደግሞ ጨው ስለተስተካከለ ብቻ አይመለስም። ጉሮሮ እየተጫነ ሲሄድ ሴትዮዋ በጀርባዋ መተኛት ያቅታታል፤ ተቀምጣ ታድራለች። እኛ ዘንድ የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

እኔ ሰመመን ሰጪ ነኝ። እንቅርት ገፍቶ ያጣመመው የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ቱቦ ማስገባት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ ቱቦው በሰላም ሲወጣም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ብዙ ጊዜ ሥራችን እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለን ነበር።

የመጀመሪያዋ ሴት ከሦስት ዓመት በፊት በጉዟችን የመጨረሻ ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተሠራችው ናት። ሻንጣችንን አስረን ሆቴል ተኝተናል። ዋርዱ ውስጥ ሠላሳ ሕሙማን ይዛ ብቻዋን ያደረችው አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አስታማሚዋ ልጇ «የእናቴ ድምፅ ተለወጠብኝ» ብላ ቀሰቀሰቻት... ቀሰቀሰቻት አልኩ እንጂ ነርሷስ አልተኛችም፤ ሌላ አልጋ ላይ ግሉኮስ እየቀየረች ነበር። ሄዳ ስታይ በፋሻው ሥር አንገቱ አብጧል፤ ሴትዮዋ ተነሥታ ተቀምጣ አየር ትስባለች፣ አልገባ ብሏታል። ውስጥ ውስጡን የፈሰሰው ደም ተጠራቅሞ ቧንቧውን እያነቀው ነው። ነርሷ ሐኪም እስኪመጣ አልጠበቀችም። መቀስ አንሥታ የቆዳውንም የሥሩንም ስፌት ቆረጠች፤ የረጋው ደም ወጣ፣ ትንፋሽ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው የደወለችልን። ስንደርስ በአንድ እጇ ፋሻ ይዛ ቁስሉን ደግፋ፣ በሌላው የሴትዮዋን እጅ ይዛ አገኘናት። ወዲያው ወደ ኦአር፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ፣ መልሰን የሚደማውን ሥር አሰርን፤ ሴትዮዋ ዳነች።

ይህን ከየት አወቀችው? ማክሰኞ ዕለት አንዱን ባልደረባችንን ኮሪደር ላይ አስቁማ «በሌሊት አንገት ቢያብጥብኝ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃው ነበር። ቆሞ አሥር ደቂቃ አሳያት። ያ አሥር ደቂቃ በፕሮግራማችን ውስጥ አልነበረም። ሳስበው እስከ ዛሬ ይነዝረኛል፦ ባትጠይቅስ ኖሮ? እሱስ «ኦአር እየጠበቁኝ ነው» ብሎ ቢያልፋት ኖሮ?

ሁለተኛዋ ሴት ግን አንጀቴን የምትበላኝ ናት። ዕጢዋን በሙሉ አወጣንላት፤ ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ጠባሳዋም ያምራል። ዕጢው በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ ዕጢው ያመነጭ የነበረውን ሆርሞን የሚተካውን የታይሮክሲን ክኒን ዕድሜ ልኩን በየቀኑ መዋጥ አለበት። የሦስት ወር ሰጥተናት መጣን። በዓመቱ ስንመለስ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባ፣ ፊቷ አብጦ፣ ድምፅዋ ጎርንኖ፣ አንድ ቃል ለመናገር እየተጎተተች መጣች። ክኒኑ አልቋል። በወረዳዋ የለም፤ ዞን ከተማ አንዳንዴ ይገኛል፣ የመኪናው ዋጋ ግን ከክኒኑ ይበልጣል። ቤተሰቧ ሌላ ነገር መስሏቸው ጠበል ለጠበል ሲያዞሯት ከርመዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል። እኛ እንቅርቱን ነቅለን ጆሮ ደግፉን ተክለንባት ነው የሄድነው። ጥፋቱ የሆስፒታሉ አይደለም፤ የእሷም የቤተሰቧም አይደለም። የእኛ ነው። ዛሬ ክኒኗ እየደረሳት ነው፤ ቤቷንም ታስተዳድራለች። ያ ዓመት ግን አይመለስላትም።

በዚህ ምክንያት ሥራ አስፈጻሚው ረጅም ጊዜ ወስዶ የወሰነውን ልንገራችሁ፤ አንዳንዱ ይከብዳችኋል። ከእንግዲህ የመጨረሻው ቀዶ ሕክምና ረቡዕ ያልቃል፣ ቡድኑ የሚወጣው እሑድ ነው። አብዛኛው የአንገት መድማት በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዶ ጣትና ከንፈር መደንዘዝ የሚጀምረውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ እነዚህ ቀናት ሳያልፉ አንበርም። ካንሰር ወይም ሌላ የሚያስገድድ ነገር ከሌለ ዕጢው በሙሉ አይወጣም። መውጣት ግድ ከሆነ ክኒኑ በሆስፒታሉ ፋርማሲ በኩል እንደሚደርሳት አስቀድመን እናረጋግጣለን። የማታ ተረኞች ሥልጠናም የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሆኗል።

«ሕዝብ ተሰልፎ እያለ እንዴት ሦስት ቀን እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትቀመጣላችሁ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ የመጣችን እናት «በሚቀጥለው ዙር» ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም፤ እኔም አልቅሼበታለሁ። ነገር ግን እነዚያ ሦስት ቀናት በየአልጋው የምንዞርባቸው እንጂ እጅ የሚታጠፍባቸው አይደሉም። ደግሞ ሌላ አዲስ ከተማ አንጨምርም፤ እዚያው ሆስፒታል በዓመት ሁለቴ እንመለሳለን።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በምጥ የተጎዱ ሴቶች የሚታከሙበትን የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ዶክተር ካትሪንም እ.ኤ.አ. በ2020 እስካረፉ ድረስ ኑሯቸው እዚያው ሆነ። እኔ ግን ከዚያ ታሪክ ይበልጥ የሚገርመኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነው። ታካሚ ሆነው መጥተው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው እያዩ ተምረው ሌሎች ሴቶችን በገዛ እጃቸው የሚጠግኑ ሆኑ። እኛ እንደ ሐምሊኖቹ ዕድሜያችንን ሰጥተን አልሄድንም፤ የዕረፍት ቀናችንን ነው የሰጠነው። ስለዚህ እዚያ የሚቀረው እጅ ከእኛ እጅ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

ስለ ዕቃ አጭር ነገር፦ እዚህ አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት፣ እዚያ 220 ነው። ከዚህ የተላከ ማሽን በተሰካ በደቂቃው ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ። የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ባለሙያ «እፈልገዋለሁ፣ እጠግነዋለሁ» ያላለውን ዕቃ አንልክም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም፣ ሐኪም ላልሆናችሁትም። አገር ቤት ስትደውሉ እናቶቻችሁን ስለ ጨዋቸው ጠይቁልኝ። አዮዲን ያለው መሆኑ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ፀሐይና እርጥበት በማያገኘው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨረሻ ላይ ይጨምሩት።

መድረኩን ከመልቀቄ በፊት የምታነጋግራችሁ እንግዳ አለች። ያቺ መቀስ ያነሣችው ነርስ በቪዲዮ እየጠበቀችን ነው። እዚያ አሁን ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል፤ ዛሬም የማታ ተረኛ ናት፣ ዋርድ ከመግባቷ በፊት ያላት ጊዜ ጥቂት ነው። ምን እንደጎደላት ጽፋ ይዛለች። እባካችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ።